ቆመው የሚጠጡ ሽማግሌዎች

እኔ ለትዳር የተጠየቅሁት መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። አስተርጓሚዋም እኔው ራሴ ነበርኩ። ይህን ስናገር «ምን?» ያላለ ሀበሻ እስካሁን አላጋጠመኝም። ታኮማ ፓርክ ያለችው አክስቴማ የሰማች ዕለት አማትባ፣ «በእናትሽ ለሰው እንዳትነግሪ» ብላኝ ነበር። ይኸው ለሰው ሁሉ እየነገርኩ ነው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የአባቴ ግትርነት ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን ከአዲስ አበባ አስመጥቼው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አብረን እንኖር ነበር። ጂፒኤስ የመኪና መስታወት ላይ በሚለጠፍበት ዘመን ነው። እኔ ነርስ ነኝ። ላገባው የፈለግሁት ሰውም እዚያው የምሠራበት ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነበር፤ እንግሊዛዊ ነው። አባቴ ሰውየውን አልጠላውም። እንዲያውም ቤታችን ሲመጣ ሳይነገረው ጫማውን በር ላይ ማውለቁን፣ ሚጥሚጣ ሲበላም ላብ በላብ እየሆነ አለማቆሙን ወዶለታል። «ልጁስ ጨዋ ነው» ይለኝ ነበር። ላገባው ነው ስለው ግን ቴሌቪዥኑን አጠፋና ዞሮ አየኝ።

«ማን ጠየቀኝ?»

«እኔ እየነገርኩህ ነው እኮ አባዬ።»

«አንቺማ የምትጠየቂዋ ነሽ። የምትጠየቅ ልጅ ራሷን ትጠይቃለች እንዴ? ሽማግሌ ይላክ።»

የእጮኛዬ እናትና አባት በሕይወት የሉም። አሜሪካ ውስጥ ያሉት ዘመድ አንድ አጎቱ ብቻ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። ይህን ለአባቴ ባስረዳው የባሰ ከፋው። «እኔ እኮ ለወግ ብቻ ብዬ አይደለም» አለኝ። «ነገ ብትጣሉ ማን ዘንድ ሄጄ ልከሰው? ለራሱ ለልጁ ነው የምከሰው? ከኋላው ሰው አለው ወይ ነው የምልሽ።» በሕጉ ከሆነ የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም ነበር፤ ሠላሳዎቹን አጋምሼ የራሴን ቤት የማስተዳድር ሴት ነኝ። ያለ አባቴ ምርቃት ግን አላገባም ብዬ ቆርጬ ነበር። ለእጮኛዬም ይህንኑ ነገርኩት። አልተከራከረኝም፤ ፈራ እንጂ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ አባቴ አንዴ እምቢ ካለ እምቢ ነው።

እጮኛዬ አሌክሳንድሪያ ሄዶ የሽምግልናን ነገር ለአጎቱ ሲያስረዳ አመሸ። ከዚያ ሁሉ ማስረዳት አጎቱ የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የልጅቱ አባት ሊያዩኝ ይፈልጋሉ። የእንግሊዝ ሰው ደግሞ ሊያየው የፈለገን ሰው የት እንደሚወስደው የታወቀ ነው። «ቅዳሜ ከሰዓት ወደ እኔ ፐብ ይምጡ» ብለው ላኩብን። «የእኔ» ሲሉ እኔና አባቴ የመጠጥ ቤት ባለቤት መስለውን ነበር፤ ለካ የሚያዘወትሩትን ቤት እንዲህ ነው የሚሉት።

አባቴ ተቆጣ። «ልጅ የሚጠይቅ ሰው ደጅ ይመጣል እንጂ መጠጥ ቤት ይጠራል? አንድ ጃምቦ ጋብዞኝ ልጄን ሊወስድ ነው?» እያለ ሳሎኑን ዞረው። አንድ ሳምንት ሙሉ ስለማመጠው ቆየሁ። ይሄ ትውውቅ ብቻ ነው፣ ሽምግልናው ሌላ ቀን በደንቡ ይደረጋል አልኩት። በመጨረሻ እሺ አለ፤ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው።

«እሄዳለሁ። የዚህን ጉዳይ አንዲት ቃል እንዳያነሱ። ካነሱ ተነሥቼ ነው የምወጣው።»

«አያነሱም።»

«ቢራቸውንም አልጠጣም። ኮካ ነው የምጠጣው።»

አባቴ በአሜሪካ ቢራ ላይ ቂም አለው። በረዶ ነው፣ ጥርስ ያደነዝዛል እንጂ አንጀት አይደርስም ይላል። ይህን ሁሉ እያለ ግን ቅዳሜ ከመኝታ ቤቱ ሲወጣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አጥብቆ አሥሮ፣ ጫማውን አብርቶ ነበር። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

እጮኛዬ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበር፤ ቅዳሜን ሁለታችንም በአንድ ላይ ኦፍ ማግኘት አልቻልንም። ስለዚህ እኔና አባቴ ብቻችንን ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ፣ ወረድን። መንገዱ ተዘጋግቶ አንዱን መውጫ ሳትኩት፤ ጂፒኤሷ «መንገዱን እንደገና እያሰላሁ ነው» እያለች ስትደጋግም አባቴ፣ «ይቺ ሴትዮ ራሷም አገሩን አታውቀውም» አለ። እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ ከእሷ ጋር ሲጣላ ከእኔ ጋር መጣላቱን ረሳው። ደስ አለኝ።

ቤቱ በቀይ ጡብ የተሠራ፣ በሩ ዝቅ ያለ አሮጌ ቤት ነው። ከውስጥ ጣሪያው ለእጅ ይደርሳል፤ እንጨቱ ሁሉ ጠቁሯል። ቴሌቪዥን የለም፣ ሙዚቃ የለም፤ የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ባንኮኒው ላይ እንደ ውኃ ፓምፕ እጀታ ያሉ ረጃጅም የእንጨት እጀታዎች ተደርድረዋል። ከኋላቸው አንዲት ደልደል ያለች እንግሊዛዊት፣ የቤቱ ባለቤት፣ ቆማለች። ገና ስንገባ አባቴን እያየች ፈገግ ብላ አንድ ነገር አለችው።

«ምን አለች?» አለኝ።

«ፍቅሬ፣ ምን ልስጥህ ነው ያለችህ።»

አባቴ ከረባቱን ነካ አደረገ። «ታውቀኛለች እንዴ?»

«ለሁሉም እንደዚያ ነው የምትለው፣ አባዬ። ያገራቸው አነጋገር ነው።» እንዳልኩትም ቀጥሎ ለገባው ፖስታ አመላላሽ «ፍቅሬ» ስትለው ሰማንና አባቴ ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ።

የእጮኛዬ አጎት ባንኮኒው ጥግ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከዘራ የያዙ ሰው ናቸው፤ አንደኛው ጉልበታቸው በቀዶ ጥገና ተሠርቷል። እሳቸውም ከረባት አሥረዋል፤ ቋጠሮው ግን ወደ ጆሯቸው ሄዷል። አጠገባቸው ሁለት እኩዮቻቸው ቆመዋል፦ አንዱ ጺማቸው የነጣ ግዙፍ ሰው፣ አንዱ ደግሞ ኮፍያ ያደረጉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ትንሽዬ ሰው። አጎቱ እጅ ከነሡ በኋላ፣ «ብቻዬን እንዳላፍር ጓደኞቼን ይዤ መጣሁ» አሉኝ። አነጋገራቸው የሰሜን እንግሊዝ ነው፤ ግማሹን የምሰማው በግምት ነበር። ለአባቴ ተረጎምኩለት።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ሦስት ናቸው» አለኝ።

«አዎ፣ ሦስት ናቸው።» ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም።

አጎቱ የሚጠጣውን ሲጠይቁት ኮካ አለ። የእንግሊዝ ሰው ግን እንግዳውን ኮካ ሲያጠጣ ያፍራል መሰለኝ፣ ለቤቱ ባለቤት ምልክት ሰጧት። እሷ አንዱን እጀታ ወደ ራሷ ሳብ ስታደርገው ወርቃማ ቡናማ መጠጥ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ዱብ ዱብ አለ። «ይቅመሱት ብቻ፤ ካልወደዱት ይተዉት» አሉት። አባቴ ለክብራቸው ሲል ተቀበለ። ብርጭቆው አለመቀዝቀዙን በእጁ ሲያውቅ ቅንድቡን አነሣ። አሸተተው። ፉት አለው። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው እስኪዞር ድረስ ጮኸ።

«ጠላ!»

«ቀስ በል አባዬ።»

«ምን ቀስ በል ትዪኛለሽ፣ ጠላ ነው እኮ! ፊልተር ጠላ! ጌሾው ራሱ አለበት።» ለአጎቱ ምን እንዳለ ነገርኳቸው። እሳቸውም የእነሱን ጌሾ፣ ሆፕስ የሚሉትን፣ የብቅሉን ነገር፣ መጠጡ በርሜሉ ውስጥ ምድር ቤት ተቀምጦ ገና እየፈላ በእጅ እንደሚሳብ፣ ጋዝ እንደማይጨመርበት፣ በርሜሉ ከተከፈተ በቀናት ውስጥ ካልተጠጣ እንደሚኮመጥጥ በደስታ ያስረዱኝ ጀመር። እኔም በደስታ ተረጎምኩ። አባቴ ለእያንዳንዱ፣ «ይሄማ የታወቀ ነው!» ይላል። አጎቱ፣ «ይህን የሚያቀዘቅዝ ሰው መጠጡን ገደለው ማለት ነው» ሲሉ ደግሞ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አላልኩሽም?» አለ፤ የአሜሪካን ቢራ ሁሉ የጠመቅሁት እኔ ይመስል። ሙሉ ብርጭቆ ተቀዳለት። ኮካውን ማንም አላስታወሰውም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ከጠበቅሁት በላይ ሄደ። በልቤ ይሄ ትውውቅ ከተሳካ ለሽምግልናው ከአንድ ወር በኋላ ቀን እንይዛለን እያልኩ ነበር።

አጠገባችን ወንበሮች የከበቡት ባዶ ጠረጴዛ ነበር። አባቴ ብርጭቆውን ይዞ ወደዚያ እየሄደ፣ «በያቸው፣ እንቀመጥና እንጫወት» አለኝ። ነገርኳቸው። አጎቱ ፈገግ ብለው መለሱ፤ እኔም ምንም ሳላስብ ቃል በቃል ተረጎምኩት።

«እርስዎ ይቀመጡ። እኛ መቆም ይሻለናል ይላሉ።»

አባቴ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ቀና ብሎ ሦስቱንም በተራ አያቸው። ዓይኑ የአጎቱ ከዘራ ላይ ቆየ።

«አንቀመጥም አሉ?»

«መቆም ይሻለናል ነው ያሉት።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

ያኔ ነው የገባኝ። በእኛ ወግ ልጅ ለመጠየቅ ሦስት ሽማግሌ ይላካል፤ ወንበር ቢሰጡትም አይቀመጥም። ቆሞ ይለምናል፤ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ይላል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የቆሙት የእንግሊዝ ጠጪ ባንኮኒ ተደግፎ ካልቆመ መጠጡ ስለማይጥመው ነው። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። ልንገረው ብዬ አፌን ስከፍት አባቴ በእጁ ዝም አሰኘኝ። ቀጥ ብሎ ቆመና የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«አንዲት ቃል እንዳያነሱ ብዬሽ ነበር» አለኝ። ሊወጣ ነው ብዬ ነበር። ፊቱ ላይ ግን ቁጣ አልነበረም። «እነሱም አላነሱም። ቆሙ እንጂ። በይ፣ የመጡበትን ጉዳይ ጠይቂያቸው።»

«አባቴ የመጣችሁበትን ጉዳይ ይጠይቃል» አልኳቸው።

አጎቱ ብርጭቋቸውን ከፍ አደረጉና፣ «እኛማ ሁልጊዜ የምንመጣው ለዚህ ነው» አሉ። ይህን አልተረጎምኩም። ትኩር ብዬ አየኋቸው። ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ እንጃ፤ ብርጭቋቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ፣ ከረባታቸውን ወደ መሐል መለሱና ከዘራቸውን በሁለት እጅ ያዙ።

«ዛሬ የመጣነው ስለ ልጁ ነው» አሉ። «እኔ ልጅ የለኝም። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ያለኝ እሱ ነው። ጥሩ ልጅ ነው። ምስማር ቢመታ ያጣምመዋል፤ ና ሲሉት ግን ይመጣል። ልጅዎ እሺ ካለችው ዕድለኛ ነው። አንድ ቀን ቢያስቀይማት ለእኔ ይንገሩኝ፤ እኔ አለሁለት።»

ግዙፉ ሰውዬ፣ «እኔም አለሁ» አሉ። ትንሽዬው ሰውም ኮፍያቸውን አወለቁ።

ለአባቴ መተርጎም ጀመርኩ። እስከ ምስማሩ ድረስ ደህና ሄድኩ። «ልጅዎ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ልጅቱ እኔ መሆኔ ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ። እንደምንም ጨረስኩት። «ለእኔ ይንገሩኝ» ያሉትን አባቴ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

የሚመልሰውን አውቀው ነበር። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ «ዘመድ ሰብስበን፣ ተመካክረን እናሳውቃለን» ተብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ ሰው ልጁ የከበደችው ነው እያለ ሲተች ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አፉን ሲከፍትም በእርግጥ «ተመካክረን...» ብሎ ጀምሮ ነበር። በዚያው ቅጽበት አጎቱ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዞሩ ጉልበታቸውን አማቸው መሰለኝ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። አባቴ አየ።

«ኧረ እኚህ ሰው እስከ መቼ ይቆማሉ?» አለ ለራሱ። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሰጥቻለሁ! ልጄን ለልጃቸው ሰጥቻለሁ። ይቀመጡ በያቸው።»

እኔ እንባዬን እየጠረግሁ፣ «አባቴ ፈቅዷል፤ ተቀመጡ ይላል» አልኳቸው። አጎቱ ፊታቸው በራ። የአባቴን እጅ ይዘው እስኪነቀል ወዘወዙት። ከዚያ ብርጭቋቸውን አነሡና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። «እኛ እዚሁ ደህና ነን፣ ፍቅሬ» አሉኝ።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። «አሁንም አልተቀመጡም? ምን ቀራቸው? ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

ወደ አጎቱ ጠጋ ብዬ በእንግሊዝኛ ለመንኳቸው። «እባክዎ ይቀመጡ። ሦስታችሁም። ካልተቀመጣችሁ አላገባም። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።»

አጎቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቴን አዩ። ምንም አልጠየቁም። ለጓደኞቻቸው፣ «ሰምታችኋል» አሉና እያነከሱ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። ለዚያ ጉልበት ከመቆም ይልቅ መቀመጡ ነበር የሚከብደው፤ ጠረጴዛውን ተደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ቀስ እያሉ ወረዱ። ሁለቱም ተከተሏቸው። የቤቱ ባለቤት የምትወለውለውን ብርጭቆ ይዛ ደርቃ ቀረች።

«ማን ሞተ?» አለች። «እኔ ይህን ቤት ከያዝኩ ጀምሮ እነዚህን ሰዎች ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም!»

ይህንንም አልተረጎምኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ደስታ ብቻ ነው። አባቴ ብርጭቆውን ይዞ ቆመና መረቀን። አባቴ ሲመርቅ አያጥርም፤ ከአብርሃምና ከሣራ ተነሥቶ እስከ ልጅ ልጅ ይሄዳል። ሰዎቹ በየመሐሉ አሜን ማለት እንዳለባቸው ከነገርኳቸው በኋላ ግዙፉ ሰውዬ ጠረጴዛውን እየመቱ፣ «አሜን!» ይሉ ጀመር። የቤቱ ባለቤትም ከባንኮኒው ኋላ «አሜን!» ትላለች፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ «አሜን!» አለ። እኔ ወጣ ብዬ ለእጮኛዬ ኮል አደረግሁለት።

«ተሰጠሁ» አልኩት።

«ምን ተሰጠሽ?»

«ምንም አልተሰጠሁም፤ እኔን ሰጡኝ!» ከዚያ ስቄ ስቄ ማስረዳት አቃተኝ። የእግረኛ መንገዱ ላይ ብቻዬን ስዘል ያየኝ ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ።

ተጋባን። አባቴ ደግሞ በትሬን ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ መሄድ ተማረ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱን መስመር በሌላው ቀይሮ ብቻውን ይሄዳል። ከአጎቱ ጋር በምን ቋንቋ እንደሚጫወቱ እነሱ ያውቃሉ፤ እጅና ብርጭቆ በቂ ነበር መሰለኝ። አንድ ቅዳሜ ልወስደው ሄጄ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ባንኮኒውን ትኩር ብሎ ሲያይ አገኘሁት። ቤቱ ሞልቷል። ሽማግሌው፣ ጎልማሳው፣ ሴቱ ሳይቀር ብርጭቆውን ይዞ ቆሟል። አጎቱም በዚያ ጉልበታቸው ጥጋቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እዚህ ቤት ሁሉም ቆሞ ነው የሚጠጣው» አለኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«ያን ቀንም የቆሙት ለሽምግልና ብለው አልነበረማ።»

«አልነበረም። ወጋችንን አያውቁትም። ልነግርህ ፈልጌ ነበር፤ አንተ ዝም አሰኘኸኝ።»

ተከፋ ብዬ እጁን ያዝኩት።

«ታዲያ ለምን ተቀመጡ?»

«አንተ ተቀመጡ ስላልካቸው።»

«ለምን እንደሆነ ሳያውቁ?»

«ሳያውቁ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እኔ እኮ ልጄን የሰጠሁት ቆሙልኝ ብዬ ነበር» አለ። «ለካ ተቀምጠውልኛል!»

ይህን ለአጎቱ ተርጉሚልኝ አለኝ። አብረን ሄደን፣ ያን ቀን በኋላ እነግራችኋለሁ ያልኩትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። አጎቱ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ፤ ወደ አባቴ ማየትም አፈሩ። ትንሽ ፈቀቅ አሉና ባንኮኒው ላይ ከጎናቸው የመቆሚያ ቦታ ለቀቁለት።